ለከባድ መድማት መድኃኒቱ እጅ ነው፦ ስለ ደም ማቆም በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

አንድ አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። በጭኑ በኩል የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ቢበጠስ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። አምቡላንስ ግን ቀልጣፋ አገልግሎት ባለበት ቦታም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ቁስለኛውን የሚያተርፈው አጠገቡ የተገኘ ሰው ነው።

ይህን ሁላችንም በደፈናው እናውቃለን። አጠገቡ የተገኘውም ሰው ብዙ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አይቆምም። ይሯሯጣል። ውሃ አምጥቶ ቁስሉን ያጥባል። ያገኘውን ዱቄት ይነሰንስበታል። እግሩን ወደ ላይ ያነሳል። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ "ቆመ ወይ?" ብሎ ያያል። ሁሉንም የሚያደርገው ከልቡ ለመርዳት ነው። ደሙ ግን መፍሰሱን ይቀጥላል። እነዚህ ነገሮች መልካቸው ይለያይ እንጂ ጉዳታቸው አንድ ነው፤ እጅን ከቁስሉ ላይ ያስነሳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 4.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከአደጋና ከጥቃት በሚመጣ ጉዳት ይሞታሉ። ከእነሱ ውስጥ 1.19 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት የመንገድ አደጋ ሰለባዎች ናቸው። ጉዳት ደርሶባቸው ከሚሞቱት ብዙዎቹን የሚገድላቸው ደግሞ የሚፈስሰው ደም ነው። ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን መንገድ ዳር ቆሞ ማከም አይቻልም። የሚደማ እግርን ግን ሁለት ጤነኛ እጅ ያለው ሰው ሁሉ ሊያቆመው ይችላል። በዚህ ምክንያት የሚጠፋ ሕይወት ነው እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ።

ከባድ መድማት በምን ይታወቃል?

ዓይናችን ደም ሲገምት ይሳሳታል። አንድ ብርጭቆ ደም ሊሾ ወለል ላይ ሲፈስ ቤቱን የሞላው ይመስላል። ወፍራም ሱሪ፣ ፍራሽና አፈር ግን ያንን ሁሉ እጥፍ አድርገው መጥጠው ምንም ያልተፈጠረ ያስመስላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ልብሱን ቅደዱ። ቁስሉን በዓይናችሁ እዩ። ጃኬቱን ከላይ ዳብሶ "ትንሽ ነው" ማለት ሰው ያስገድላል።

ደሙ ፊን እያለ የሚወጣ ከሆነ፣ ሳያቋርጥ የሚወርድ ከሆነ፣ ልብሱን አርሶ መሬት ላይ ከተጠራቀመ፣ ወይም እጅ ወይም እግር ተቆርጦ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ሌላ ማረጋገጫ አትጠብቁ።

ብዙ ሰው ስለ ደሙ ቀለም ይጨነቃል። ደማቅ ቀይ ከሆነ ከደም ቅዳ ነው፣ ጠቆር ያለ ከሆነ ከደም መልስ ነው፣ የኋለኛው ብዙም አያሰጋም የሚል ነገር ተለምዷል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አደገኛ ነው። ትልቅ ደም መልስ ሲቆረጥም ሰው ይሞታል። በዚያ ላይ በጨለማ ወይም በግርግር መሃል የደም ቀለም መለየት አይቻልም። ፍጥነቱንና ብዛቱን ተመልከቱ።

ከቁጥሮቹ አንድ ሁለቱን ማወቅ ይጠቅማል። ደም የሚለግስ ሰው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ሰጥቶ ትንሽ አርፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። እስከ 750 ሚሊ ሊትር ድረስ ጤነኛ አዋቂ ላይ ብዙም ምልክት አይታይም። ከዚያ በላይ ሲሆን ልቡ መፍጠን ይጀምራል። 1.5 ሊትር ሲያልፍ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ቆዳው ይገረጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል፣ ንግግሩ ይምታታል። 2 ሊትር ሲደርስ በሞትና በሕይወት መካከል ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰውነት የደም ሥሮቹን አጥብቦ፣ ልቡን አፍጥኖ ጉዳቱን ለተወሰነ ጊዜ ይደብቀዋል። ወጣትና ጠንካራ ሰው "ደህና ነኝ፣ ተዉኝ" እያለ ቆይቶ ድንገት ዝልፍልፍ ይላል። ማውራቱ እንዳያዘናጋችሁ።

ልጆች ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ያለው ደም በሙሉ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ለአዋቂ ምንም የማይመስለው አንድ ብርጭቆ ደም ለዚህ ልጅ ከሩብ በላይ ነው።

ጫን ሲባል

ደም የሚቆመው እንዴት ነው? የደም ሥር ሲቆረጥ ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ቁስሉ ላይ ይለጠፋሉ። በላያቸው ላይ ፋይብሪን የሚባል ክር ይፈተልና ያያይዛቸዋል። ይህ ሥራ ደቂቃዎች ይፈጃል። ደሙ በኃይል እየፈሰሰ ከሆነ ግን ገና የተለጠፈውን ጠርጎ ይወስደዋል። የእጃችን ሥራ ፍሰቱን ገትቶ ለዚህ ሂደት ጊዜ መግዛት ነው። መርጋቱን የሚሠራው ራሱ ሰውነት ነው።

አብዛኛው ሰው ሲጭን ግን አይጭንም። ጨርቁን ቁስሉ ላይ ያስቀምጥና መዳፉን ያሳርፍበታል። ያ መሸፈን እንጂ መጫን አይደለም። በደንብ መጫን ማለት እንዲህ ነው። ቁስለኛውን ጠንካራ ነገር ላይ፣ መሬት ላይ አስተኙት። ለስላሳ ፍራሽ ላይ ከሆነ ግፊታችሁን ፍራሹ ይውጠዋል። አጠገቡ ተንበርከኩ። ደሙ በትክክል ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ፤ ቁስሉ ሰፊ ቢሆንም ደሙ የሚመጣው ከአንዲት ጥግ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ጎዝ፣ ፎጣ፣ ቲሸርት፣ ያገኛችሁትን ንጹሕ ጨርቅ አድርጉ። ከዚያ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርባችሁ፣ ክርናችሁን ሳታጥፉ፣ በትከሻችሁ ክብደት ተጫኑ። ቁስለኛው ያመዋል፤ ይጮሃል። ይቅርታ ጠይቁትና መጫናችሁን ቀጥሉ።

ውሃ የሚያፈስ ጎማ ቀዳዳውን በአውራ ጣት የደፈነና ዙሪያውን በጨርቅ የጠቀለለ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ጨርቁ ይርሳል እንጂ ውሃውን አያቆምም።

ስንት ደቂቃ? ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ሳታቋርጡ። ሰዓት አይታችሁ ጀምሩ፤ በእንዲህ ያለ ሁኔታ 2 ደቂቃ እንደ 10 ደቂቃ ነው የሚሰማው። ትልቁ ፈተና ደግሞ ገልጦ ማየት ነው። እጃችሁን ባነሳችሁ ቁጥር ገና መያያዝ የጀመረውን የረጋ ደም ታፈርሱታላችሁ፣ ሰዓቱም እንደ አዲስ ይጀምራል። እጃችሁ ከደከመ ሌላ ሰው እጁን በእጃችሁ ላይ ደርቦ ይጫን፤ ከዚያ የእናንተን ከሥር አውጡ።

"ጨርቁ ደም ካራሰው ሌላ ጨምርበት፣ የመጀመሪያውን ግን በፍጹም አታንሳ" የሚል ሕግ ተምረን ይሆናል። ግማሹ ልክ ነው። አንድ ጨርቅ መደረብ ጥሩ ነው። አምስተኛውን እየደረባችሁ ከሆነ ግን የምትጫኑት የጨርቅ ክምር ነው፤ ግፊቱ ደሙ የሚወጣበት ነጥብ ላይ አይደርስም። እንዲህ ከሆነ ክምሩን አንድ ጊዜ አንሱት፣ ነጥቡን ፈልጉ፣ በአዲስ ጨርቅ እዚያው ላይ ጫኑ። በየደቂቃው መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው።

እግርን ወይም እጅን ከልብ ከፍታ በላይ ማንሳት ለብዙ ዓመታት በየመማሪያው ሲታተም ኖሯል። ክንድ ላይ ወይም ብሽሽት ላይ ያለውን የደም ቅዳ መንገድ በጣት መጫንም እንዲሁ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2010 ባወጣው መመሪያ ሁለቱንም አይመከሩም ብሏቸዋል፤ ደም እንደሚያቆሙ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘምና። ማንሳቱ በራሱ ሰው ላይ ጉዳት አያመጣ ይሆናል። ነገር ግን እግሩን ይዞ የቆመው ሰው እጁ ቁስሉ ላይ አይደለም። የተሰበረ አጥንት ካለ ደግሞ ያባብሰዋል። ይህ ምክር እስከ ዛሬ በየግድግዳው በተለጠፉ ፖስተሮች ላይ መኖሩ ያሳዝናል።

የቱርኒኬት ክፉ ስም

ቱርኒኬት ማለት ከቁስሉ በላይ እጅ ወይም እግር ላይ ታስሮ፣ በዱላ እየተጠመዘዘ ደም የሚያቆም ማሰሪያ ነው። ስለ እሱ ከሁሉም ሥር የሰደደው ፍርሃት ይህ ነው። "ቱርኒኬት ካሰርክ እግሩ ይቆረጣል።" ብዙዎች ከማሰር ይልቅ እያዩ ማስደማትን የሚመርጡት በዚህ ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ? በ1718 ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዣን ሉዊ ፒቲ በብሎን እየጠበቀ ደም የሚያቆም መሣሪያ ሠራ። ሐኪሞች ወደዱት። በጦርነት ላይ ግን፣ በተለይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የቆሰለ ወታደር ሐኪም ፊት እስኪደርስ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከቀን በላይ ይወስድ ነበር። እስከዚያ የታሰረው እግር ይሞታል። ጥፋቱም ማሰሪያው ላይ ወደቀ። መዘግየቱና የጦር ሜዳ ኢንፌክሽኑ ተረሱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ቱርኒኬትን "ሌላው ሁሉ ሲያቅት፣ መጨረሻ ላይ" ብሎ አስቀመጠው።

ይህን ያስለወጠው ከኢራቅ ጦርነት የተገኘው መረጃ ነው። በ2006 ባግዳድ በነበረ ወታደራዊ ሆስፒታል ሐኪሙ ጆን ክራግና ባልደረቦቹ ቱርኒኬት የታሰረላቸውን ቁስለኞች ተከታተሉ። ሾክ ውስጥ ሳይገቡ፣ ማለትም ሰውነታቸው በደም እጦት መዝለፍለፍ ሳይጀምር የታሰረላቸው 90 በመቶው ተረፉ። ከገቡ በኋላ የታሰረላቸው ግን የተረፉት 10 በመቶው ብቻ ናቸው። መጀመሪያ በወጣው ጥናት ውስጥ ከነበሩት 232 ቁስለኞች መካከል በቱርኒኬቱ ብቻ ምክንያት እጁ ወይም እግሩ የተቆረጠ አልነበረም። ጥቂቶቹ ላይ ነርቭ ደንዝዟል። "መጨረሻ ላይ" የሚለው ምክር ስንት ሰው እንደገደለ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይናገራሉ። መጨረሻ ላይ ማለት ሾክ ከገባ በኋላ ማለት ነውና።

ሰዓቱም ቢሆን ከሚፈራው በላይ ሰፊ ነው። የአጥንት ሐኪሞች በየቀኑ በቀዶ ሕክምና ጊዜ እጅና እግር በቱርኒኬት አስረው ይሠራሉ። እስከ 2 ሰዓት ድረስ ዘላቂ ጉዳት የማድረሱ ዕድል አነስተኛ ነው። ከዚያ እየረዘመ ሲሄድ አደጋው ይጨምራል፤ 6 ሰዓት ሲሞላ ጡንቻና ነርቭ በከባዱ ተጎድተዋል። ሆስፒታል በሁለት ሰዓት ውስጥ የማይደረስበት ቦታ ቢሆንስ? ያን ጊዜም ምርጫው እግር ወይም ሕይወት ነው። እግሩን አጥቶ የሚኖር ሰው አለ።

አስተሳሰሩ ግን ልብ ይፈልጋል። ከቁስሉ በላይ፣ ወደ ልብ በኩል፣ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ርቃችሁ እሰሩ። ጉልበትና ክርን ላይ አይታሰርም፤ መጋጠሚያው ላይ የሚወድቅ ከሆነ ከእሱ በላይ ከፍ አድርጉ። ቁስሉ የት እንደሆነ ካልታየ፣ ጨለማ ከሆነ፣ ጭኑ ወይም ክንዱ ላይ እስከሚቻለው ከፍ አድርጋችሁ ማሰር ትችላላችሁ። ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክና ቁልፍ መጀመሪያ አውጡ። ከዚያ በዱላው አጥብቁ። ስንት ዙር? ቁጥር የለውም። ደሙ እስኪቆም ነው። ከእጅ ወይም ከእግር ጫፍ የልብ ምት መጥፋት አለበት። ያኔም ካልቆመ ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ፣ ጎን ለጎን ሁለተኛ ይታሰራል።

የላላ ቱርኒኬት ጨርሶ ካለመኖሩ ይብሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደም መልሶች ከቆዳ ቀርበው ስለሚያልፉና ግድግዳቸው ስስ ስለሆነ በትንሽ ግፊት ይዘጋሉ። ደም ቅዳዎቹ ግን ጥልቅና ጠንካራ ናቸው። በደንብ ያልጠበቀ ማሰሪያ መመለሻውን ዘግቶ መምጫውን ይተወዋል። ደም ወደ እግሩ ይገባል፣ መውጫ ሲያጣ በቁስሉ ይወጣል። መድማቱ ይጨምራል።

በትክክል የጠበቀ ቱርኒኬት በጣም ያማል። ከቁስሉ በላይ ሊያም ይችላል። ቁስለኛው እጃችሁን ይዞ "ፍቱልኝ፣ እግሬ ሊፈነዳ ነው" ብሎ ይለምናል። ይህን አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ፤ ካላወቃችሁ ትፈቱለታላችሁ። "በየ15 ደቂቃው እያላላችሁ ደም እንዲደርሰው አድርጉ" የሚለውን የድሮ ምክርም እርሱት። በላላ ቁጥር የረጋው ይታጠባል፣ ትንሽ ደም ይፈሳል፤ ትንሽ በትንሽ እየተደመረ ሰው ይሞታል። አንዴ የታሰረውን የሚፈታው ሐኪም ነው። እናንተ የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ፤ ወረቀት ከሌለ ግንባሩ ላይ።

ኤፕሪል 15 ቀን 2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ በስፍራው የነበሩ ሰዎች ለቁስለኞች 27 ቱርኒኬት አስረዋል። ሃያ ሰባቱም ከተገኘ ነገር የተሠሩ ነበሩ። ሰው ሲጨንቀው ይፈጥራል፤ የሚያስመሰግን ነው። ከተገኘ ነገር የተሠራ ማሰሪያ ግን ብዙ ጊዜ ደሙን አያቆምም። ፊልም ላይ የምናየው ቀበቶ ለዚህ አይሆንም፤ ቆዳው ግትር ስለሆነ አይጠመዘዝም። ሽቦና ቀጭን ገመድ ደግሞ ሥጋና ነርቭ ይቆርጣሉ። ሌላ አማራጭ ከሌለ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጠንካራ ጨርቅ እሰሩ፣ ቋጠሮው ላይ የማይሰበር ዱላ አድርጋችሁ በላዩ ደግማችሁ ቋጥሩ፣ ከዚያ ዱላውን አዙሩ፣ እንዳይመለስም ጫፉን እሰሩት። ያለ ዱላ በእጅ ኃይል ብቻ የታሰረ ጨርቅ የአዋቂ ጭን ላይ ደም ቅዳ ይዘጋል ብላችሁ አትጠብቁ። ይህን ስትሠሩ ሌላ ሰው ቁስሉን እየተጫነ መቆየት አለበት። ብቻችሁን ከሆናችሁና የፋብሪካ ቱርኒኬት ከሌላችሁ፣ ዱላ ፍለጋ ከመሄድ መጫን ይሻላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ቱርኒኬት ለእባብ ንክሻ አይደለም። እዚያ ላይ ጉዳቱ ነው የሚያመዝነው።

ማሰር የማይቻልበት ቦታ

ብሽሽት፣ ብብት፣ የትከሻ ሥር፣ አንገት። እዚህ ማሰሪያ አይያዝም። ትልልቆቹ የደም ሥሮች ግን በዚሁ ነው የሚያልፉት። መፍትሔው ቁስሉን መጠቅጠቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይዘገንነዋል፤ በዚህ ምክንያትም ብዙም አይታወቅም።

የጎዙን ጫፍ በጣታችሁ ወደ ቁስሉ ውስጥ አስገቡ፣ ደሙ ወደሚመጣበት ጥግ፣ እስከ ታች ድረስ። ያንን ጣት ሳታነሱ በሌላኛው እጅ ጣት ቀጣዩን እጥፋት ከላይ አስከትሉ። አንዱ ጣት ሁልጊዜ ውስጥ ነው። ደሙ ትኩስ ነው፣ ያንሸራትታል፣ ጎዙ የሚገባበትን አታዩም፤ በመዳሰስ ነው የምትሠሩት። አንድ ጥቅል ሙሉ ሊገባ ይችላል፤ አይግረማችሁ። ቁስሉ ሞልቶ ሌላ አልገባ ሲል ከላይ በሁለት እጃችሁ ተጫኑ። ደም የሚያረጋ ንጥረ ነገር ያለበት ጎዝ ከሆነ 3 ደቂቃ፣ ተራ ጎዝ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ከሆነ 10 ደቂቃ። "ጨርቁ ንጹሕ አይደለም፣ ያመረቅዛል" ብላችሁ አታመንቱ። ኢንፌክሽን ነገ ይታከማል።

አንገት ላይ ስትጫኑ ዙሪያውን ፋሻ አትጠምጥሙ፤ መተንፈሻውንና ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ትዘጋላችሁ። በአንድ ጎን፣ ቁስሉ ላይ ብቻ። ደረትና ሆድ ላይ ያለ ቁስል ደግሞ አይጠቀጠቅም። የሚደማው ውስጥ ነው፣ ጣታችሁ አይደርስበትም። እዚያ ላይ ያለው እርዳታ ፍጥነት ነው፤ በቶሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ማድረስ።

ቢላ፣ ብረት ወይም እንጨት ተሰክቶ ከቀረ አትንቀሉት። የገባው ነገር የቆረጠውን የደም ሥር ራሱ ደፍኖ ሊሆን ይችላል። ግራና ቀኙን ተጫኑ፣ እንዳይነቃነቅ በጨርቅ ደግፉት።

የተቆረጠ ጣት ወይም እጅ ካለ መጀመሪያ ሰውየውን። ደሙ ከቆመ በኋላ የተቆረጠውን በረጠበ ንጹሕ ጎዝ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጉ፣ ፌስታሉን በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። በቀጥታ በረዶ ላይ ከሆነ ሥጋው ይሞትና መልሶ መስፋት ይከብዳል።

ቁስል ላይ የሚነሰነስ ነገር

አመድ፣ አፈር፣ የተፈጨ ቅጠል፣ የተገኘው ዱቄት ሁሉ። በብዙ አገር፣ በብዙ መልክ ያለ ልማድ ነው። ሰዎች የሚያምኑበት ምክንያትም አላቸው፤ ትንሽ ቁስል ላይ ነስንሰው ደሙ ሲቆም አይተዋል። ትንሽ ቁስል ግን ምንም ባይደረግበትም ይቆማል። በከባድ መድማት ላይ ዱቄቱ ከደሙ ጋር ታጥቦ ይወጣል። የቀረው ደግሞ ቁስሉን ይበክላል፣ ሐኪሙ ሊሰፋ ሲል ጠርጎ ለማውጣት ይቸገራል። አፈር የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ሊኖርበት ይችላል።

በፋብሪካ የተሠራው ዱቄት እንኳ ችግር ነበረበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለወታደሮች የተሰጠ ዜኦላይት የሚባል ማዕድን ነበር። ደም ያረጋ ነበር፤ ነገር ግን ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ስለሚግል ሥጋ አቃጠለ። በኋላ ካኦሊን በተባለ ደም የሚያረጋ ሸክላ በተነከረ ጎዝ ተተካ። ጎዝ ይጠቀጠቃል፣ በላዩ ላይ ይጫኑበታል፣ ሲያበቃም አንድ ላይ ይወጣል።

ማጠብስ? ጭረትና ትንሽ ቁስል በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። በኃይል የሚደማውን ግን አትጠቡት፤ የረጋውን ታጥቡታላችሁ። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ጥልቅ ቁስል ውስጥ አይፈስም። ጤነኛውን ሥጋ ይጎዳል።

ነስርን በተመለከተ ባጭሩ፦ ጭንቅላት ወደ ኋላ አይደረግም፤ ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆንጥጦ መያዝ ነው።

"በሽታ ቢይዘኝስ?"

ብዙ ሰው ዳር ቆሞ የሚያየው በክፋት አይደለም። ደም መንካት ያስፈራል። ፍርሃቱን መናቅ አልፈልግም፤ መልስ ይገባዋል። ጓንት ካለ አድርጉ። ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ምንም ከሌለ ደግሞ ያልቆሰለ ቆዳ ጥሩ መከላከያ መሆኑን እወቁ፤ ኤችአይቪ በጤነኛ ቆዳ አልፎ አይገባም። የበሽተኛ ደም ባለበት መርፌ የተወጋ የጤና ባለሙያ እንኳ በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ሦስት ጊዜ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም መከላከያ መድኃኒት ካልወሰደ። እጃችሁ ላይ ክፍት ቁስል ካለ፣ ወይም ደም ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ፣ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ቁስለኛውም ቢሆን ንቃት ካለው ራሱ ቁስሉን መጫን ይችላል። "እዚህ ጋ በኃይል ያዝ" በሉት።

ደሙ ከቆመ በኋላ

ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ውሃ ይጠማዋል። አጥብቆ ይለምናል። መከልከሉ ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ቀዶ ሕክምና ሊገባ ይችላል፣ በማደንዘዣ ጊዜ ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አስተኙት፣ ምንም በአፉ አትስጡት።

አልብሱት። ይህ እንደ ተራ ደግነት ይታያል እንጂ ሕክምና ነው። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም የመርጋት ችሎታው ይቀንሳል። የራሰውን ልብስ አውልቁ፣ በደረቅ ነገር ሸፍኑት፤ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬቱም ለዩት። ፀሐያማ ቀን ቢሆንም።

አትዘግዩ። ደሙ ቆመ ብሎ ቤት ማሳደር የለም። በ2010 ውጤቱ የወጣው ክራሽ-2 የተባለ ጥናት በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ ቁስለኞችን አካትቶ ነበር። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው መድኃኒት ከጉዳቱ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ከመድማት የሚመጣ ሞትን ይቀንሳል። ከ3 ሰዓት በኋላ ከተሰጠ ግን አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ዕድል የሚያገኘው ቁስለኛው በጊዜ ሲደርስ ነው።

እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ በጽሑፍ ብቻ መማር ይከብዳል። በአሜሪካ በ2015 የተጀመረው "መድማቱን አቁም" የተባለው ዘመቻ ተራ ሰዎችን መጫን፣ መጠቅጠቅና ማሰር ያስተምራል፤ ትምህርቱ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራትም በየአገሩ ያሠለጥናሉ። መኪና የሚነዳ፣ በማሽን የሚሠራ፣ ልጆች የሚያስተምር ሰው አንድ ጊዜ ቢወስደው እመኛለሁ። መኪና ውስጥ ያለው ሣጥን ውስጥም ፕላስተርና ጥጥ ብቻ ከሆነ ያለው፣ ሁለት ጥቅል ጎዝ፣ ሰፊ ፋሻ፣ ጓንትና አንድ በትክክል የሚሠራ ቱርኒኬት ጨምሩበት። ቱርኒኬት ስትገዙ አስተውሉ፤ መልኩ አንድ ሆኖ ዱላው ሲጠብቅ የሚሰበር ርካሽ ቅጂ ገበያው ላይ ሞልቷል።

ሐኪም ፊት ስትደርሱ ሦስት ነገር ንገሩ። ጉዳቱ የደረሰው በስንት ሰዓት እንደሆነ። ቱርኒኬቱ የታሰረው በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሸፍኖት ከሆነም የት እንዳለ። ቁስሉ ውስጥ ደግሞ ስንት ጎዝ ወይም ጨርቅ እንደጠቀጠቃችሁ፤ ውስጥ ተረስቶ የቀረ ጨርቅ ከቀናት በኋላ ራሱን የቻለ ሕመም ይሆናል።